የሰሜን ብርሃንን ለማየት የክረምት ጉዞ እንዴት ይታቀዳል? ከስቶክሆልም እስከ አቢስኮ

ወደ ሰሜን ስካንዲኔቪያ ተጉዘው የሰሜን ብርሃንን፣ ማለትም በዋልታው አካባቢ በሌሊት ሰማይ ላይ የሚታየውን ባለ ቀለም ብርሃን፣ ሳያዩ የተመለሱ ሰዎች ብዙውን ጊዜ በፀሐይ ያሳብባሉ፤ «ዘንድሮ ደከም ብሏል አሉ» ይላሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ብርሃኑ በዚያም ሌሊት ከደመናው በላይ ነበረ፤ የጠፋው የጠራ ሰማይ ነው። እኔም ይህንን የተማርኩት በገንዘቤ ነው። በመጀመሪያው ጉዞዬ በኖርዌይ ጠረፍ ባለች ከተማ ሁለት ሌሊት ብቻ ይዤ፣ ሁለቱንም ሌሊት በመስኮት ዝናብ የቀላቀለ በረዶ ስመለከት አምሽቼ ተመለስኩ። ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚያጠነጥነው በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ነው፤ እርሱም ጨለማና የጠራ ሰማይ የሚገጣጠሙባቸውን ሌሊቶች ማብዛት ነው። ቦታውም፣ ወሩም፣ የሌሊቱም ቁጥር፣ የሚለበሰውም ልብስ የሚመረጠው ከዚህ ተነስቶ ነው።

ለማብራሪያ የመረጥኩት ከስቶክሆልም ተነስቶ በሰሜን ስዊድን ወደምትገኘው አቢስኮ የሚደረገውን ጉዞ ነው። «ክረምት» ስል የሐምሌና የነሐሴን ዝናብ ሳይሆን በእኛ በጋ የሚውለውን የአውሮፓውያኑን የቅዝቃዜ ወቅት ማለቴ ነው። ወራትንና ዓመታትንም፣ ካልገለጽኩ በስተቀር፣ በእነርሱ አቆጣጠር እጠራለሁ።

አስቀድሞ መረዳት የሚገባው

ከፀሐይ ያለማቋረጥ የሚነፍሰው፣ የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ቅንጣቶች የሞሉበት የፀሐይ ነፋስ ምድር አጠገብ ሲደርስ የምድር መግነጢሳዊ መስክ ይመክተዋል። ይሁንና መስኩ ከነፋሱ ያገኘውን ጉልበት አጠራቅሞ ኤሌክትሮኖችን በዋልታዎቹ ዙሪያ ወደ ታች ይለቃል፤ እነዚህም ከ100 ኪሎ ሜትር ከፍታ ጀምሮ ካለው ስስ አየር ጋር ሲጋጩ አየሩ ያበራል። የተለመደው አረንጓዴ ከ100 እስከ 150 ኪሎ ሜትር ባለው ከፍታ ከኦክስጅን የሚወጣ ነው፤ ያው ኦክስጅን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ቀይ ይሰጣል፤ ብርሃኑ በበረታ ጊዜ በታችኛው ጠርዝ የሚታየው ሮዝና ሐምራዊ ደግሞ የናይትሮጅን ነው። ደመና በበኩሉ የሚሠራው ለምድር በጣም ቀርቦ፣ በዚያ አካባቢ ከ10 ኪሎ ሜትር በታች ስለሆነ፣ ምንጊዜም በተመልካቹና በብርሃኑ መካከል ነው።

ብርሃኑ በሰሜን ሰማይ ሁሉ እኩል አይዘረጋም። በመግነጢሳዊው ዋልታ ዙሪያ እንደ ቀለበት ይቀመጣል፤ ቀለበቱም በስካንዲኔቪያ በኩል ከ66 እስከ 70 ዲግሪ ባለው የሰሜን ኬክሮስ ላይ ያልፋል። በመሆኑም «ወደ ሰሜን በሄዱ ቁጥር ይሻላል» የሚለው አባባል እስከ አንድ ድንበር ብቻ ነው የሚሠራው። ከዚያ ካለፉ ቀለበቱ ወደ ኋላዎ ይቀራል። በነገራችን ላይ መግነጢሳዊው የምድር ወገብ የሚያልፈው በኢትዮጵያ በኩል ስለሆነ ከዚህ ትርኢት የእኛን ሰማይ ያህል የራቀ የለም፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ጣቢያም ለዓለም ተመራማሪዎች ተፈላጊ የሆነው በዚሁ አቀማመጡ ነው።

ቦታ መምረጥ

አራት ስሞች ተደጋግመው ይነሳሉ። የኖርዌይዋ ትሮምሶ በ69.6 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ትገኛለች፤ ከቀለበቱ ስር ከመሆኗም በላይ በአትላንቲክ ሙቅ ውሃ ምክንያት የጃንዋሪ አማካይ ሙቀቷ ከዜሮ በታች 4 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ምግብ ቤቱ፣ ሙዚየሙ፣ በረራው ሁሉ አለ። ችግሩ ያው ሙቅ ውሃ የሚያመጣው ደመና ነው። በዚያ ያሉ አስጎብኚዎች ይህንን ስለሚያውቁ እንግዶቻቸውን በአውቶቡስ ጭነው ደመና ወደሌለበት ይነዳሉ፤ አንዳንድ ሌሊት ተራራውን ተሻግረው 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ እስከምትገኘው የፊንላንድ ድንበር መንደር ኪልፒስያርቪ ድረስ ይደርሳሉ። ትሮምሶን ከመረጡ ለዚህ ዓይነቱ ጉዞ ቢያንስ የሁለት ሌሊት በጀት መያዝ አለብዎት፤ ያለዚያ የከተማ ሽርሽር ብቻ ነው የሚሆንብዎት። የፊንላንዷ ሮቫኒየሚ የገና አባት መንደር ስላላት ከትንንሽ ልጆች ጋር ለሚጓዝ ቤተሰብ ትመቻለች፤ ለብርሃኑ ሲባል ግን ከከተማዋ መብራት መውጣት ያስፈልጋል። አይስላንድ ውበቷ ወደር የለውም፤ የአየር ጠባይዋ ግን በየሰዓቱ የሚለዋወጥ ነው፤ በበረዶ ላይ መኪና መንዳት ለለመደ ሰው እንጂ ለጀማሪ አልመክራትም።

አቢስኮ ከእነዚህ የምትለየው በተራሮቿ ነው። ከአትላንቲክ የሚመጣው እርጥብ አየር ከኖርዌይ በኩል ወደ ተራራው ሲወጣ በረዶውን እዚያው ያራግፋል፤ ወደ ስዊድን በኩል ሲወርድም ይደርቃል። በዚህ የተነሳ በመንደሯ በዓመት የሚወርደው ዝናብና በረዶ ተደምሮ 300 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ በስዊድን እጅግ ደረቅ ከሚባሉት ስፍራዎች አንዷም ናት። 70 ኪሎ ሜትር በሚረዝመው የቶርኔትሬስክ ሐይቅ ላይ፣ ዙሪያው ሁሉ በደመና ተሸፍኖ ሳለ፣ ሰማዩ እንደ መስኮት ተከፍቶ የሚታይበት ጊዜ ስለሚበዛ የአካባቢው ሰዎች «የአቢስኮ ሰማያዊ ቀዳዳ» ብለው ሰይመውታል። በኑኦልያ ተራራ ላይ፣ 900 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በሽቦ ላይ በሚሄድ ወንበር የሚደረስበት የመመልከቻ ጣቢያም አለ፤ ሆኖም ነፋስ ሲበረታ ስለሚዘጋና የሥራ ወቅቱም ስለሚለያይ አስቀድመው ያረጋግጡ። እንደ እኔ ግን የግድ አይደለም፤ የሐይቁ ዳር በነጻ ያንኑ ሰማይ ያሳያል።

የአቢስኮ ጉድለት ግልጽ ነው። ትንሽ መንደር ናት፤ አልጋው ውስን ነው፤ አንድ አነስተኛ መደብር አላት፤ ገበያና ካፌ የሚፈልግ ሰው በሁለተኛው ቀን ይሰለቻል። ከአብሮ ተጓዦችዎ መካከል እንዲህ ያለ ሰው ካለ ሁለት ሌሊት በአቅራቢያዋ ባለችው ከተማ በኪሩና፣ ሦስት ወይም አራት ሌሊት በአቢስኮ ማድረግ ያስታርቃል።

ወሩንና ሌሊቱን መቁጠር

በአቢስኮ ሌሊቱ ለብርሃኑ የሚበቃ ጨለማ የሚኖረው ከኦገስት መጨረሻ እስከ ኤፕሪል መጀመሪያ ድረስ ነው። በዚህ ረጅም ጊዜ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚሽቀዳደመው ወደ ዲሴምበር ነው፤ ምክንያቱም በዓል ነው፣ ጨለማውም ረጅም ነው። እኔ ግን ለመጀመሪያ ጉዞ ዲሴምበርን አልመርጥም። ከዲሴምበር መጀመሪያ አንስቶ እስከ ጃንዋሪ መጀመሪያ ድረስ ፀሐይ ከአድማስ በላይ አትወጣም፤ እኩለ ቀን ላይ ያለው ሰማያዊ ውጋገን ውብ ቢሆንም ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ለለመደ ሰው ከሦስተኛው ቀን በኋላ ይከብዳል፤ ዋጋውም በበዓሉ ምክንያት ይንራል። ከፌብሩዋሪ አጋማሽ እስከ ማርች መጨረሻ ያለው ጊዜ ሌሊቱ ገና ጨለማ፣ ቀኑ ብሩህ፣ በረዶውም ሙሉ የሆነበት ነው። በተጨማሪም በማርችና በሴፕቴምበር፣ ቀንና ሌሊት በሚስተካከሉበት ሰሞን፣ የምድርና የፀሐይ ነፋስ መግነጢሳዊ መስኮች አቀማመጥ ስለሚመቻች የብርሃኑ እንቅስቃሴ ከሌላው ጊዜ ከፍ ይላል፤ ይህ ከ1973 ጀምሮ በሳይንስ ማብራሪያ የተሰጠው ነገር ነው።

ቀጥሎ የሚታየው ጨረቃ ነው። ሙሉ ጨረቃ ብርቱ ብርሃንን አታጠፋም፤ ደካማውን ግን ትውጠዋለች። ጨረቃ ጨርሳ ከምትጠፋበት ቀን በፊትና በኋላ ያለውን ሳምንት መምረጥ ጥሩ ነው። ለምሳሌ በ2027 ጨረቃ የምትጠፋው ፌብሩዋሪ 6 እና ማርች 8 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ጥር 29 እና የካቲት 29 ቀን 2019 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ሁለተኛው ቀን ዐቢይ ጾም ከሚገባበት ሰኞ ጋር ይገጥማል፤ የ2027 ረመዳንም የሚጀምረው በፌብሩዋሪ 8 አካባቢ ስለሆነ ጾመኛ ተጓዥ ይህንን አስቦ ቀኑን ይቁረጥ። ቀኑን ከጨረቃ ጋር ለማስማማት ብለው ግን የሌሊቱን ቁጥር እንዳይቀንሱ፤ ከጨረቃ ይልቅ የሌሊት ብዛት ይበልጣል።

ለምን እንደሚበልጥ በቀላል ስሌት እንየው። በአንድ ሌሊት ሰማዩ የመጥራት ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው ብለን እናስብ። አንድ ሌሊት ያደረ ሰው 50 በመቶ፣ ሁለት ያደረ 75 በመቶ፣ አራት ያደረ ወደ 94 በመቶ የሚጠጋ ዕድል አለው። በተግባር የዛሬ ደመና ነገም የመቆየት ጠባይ ስላለው ቁጥሩ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ስለዚህም አራት ሌሊትን እንደ ዝቅተኛው፣ አምስትን እንደ ምቹው እወስዳለሁ። ሁለት ሌሊት ብቻ ማደር የሚችል ሰው ጉዞውን ወደ ሌላ ዓመት ቢያስተላልፈው ይሻለዋል።

ስለ ፀሐይ ዑደትም አንድ ነገር ልበል። ፀሐይ በ11 ዓመት ገደማ አንዴ ትበረታለች፤ የአሜሪካ ተቋማት የሆኑት ናሳና ኖኣ ፀሐይ ወደዚህ የብርታት ዘመን መድረሷን ያስታወቁት በኦክቶበር 2024 ነው፤ በዚያው ዓመት በሜይ 10 እና 11 ከ2003 ወዲህ ያልታየ ብርቱ መግነጢሳዊ ማዕበል ተነስቶ ብርሃኑ ወደ ደቡብ እጅግ ርቆ ታይቷል። ከዚህ በኋላ «ዕድሉ ሊያልፍ ነው» የሚሉ የጉዞ ማስታወቂያዎች በዝተዋል። አይቸኩሉ። ዑደቱ ሲደክም የሚቀረው ብርሃኑ ወደ ደቡብ አገሮች መውረዱ ነው እንጂ ከቀለበቱ ስር ያለችው አቢስኮ በደካማ ዓመትም ታየዋለች።

ቪዛና ወረቀት

በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝና በሼንገን አገሮች የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ሰው የሼንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። ማመልከቻው የሚቀርበው ረጅሙን ጊዜ ለሚቆዩበት አገር ኤምባሲ ወይም እርሱ ለወከለው ማዕከል ነው፤ ከጉዞው በፊት ከስድስት ወር ቀድሞ ማስገባት አይቻልም። በሕጉ የተለመደው የውሳኔ ጊዜ 15 ቀን ቢሆንም የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኤፕሪል 2024 ባሳለፈው ጊዜያዊ ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን ወደ 45 ቀን ከፍ አድርጎታል፤ ብዙ ጊዜ መግባት የሚያስችል ቪዛ እንዳይሰጥም አግዷል። ውሳኔው በሥራ ላይ መሆን አለመሆኑን በማመልከቻው ወቅት ማጣራት ይገባል፤ ሆኖም ለጥንቃቄ ከጉዞው አራት ወር ቀደም ብሎ ማስገባት ይመረጣል። የአዋቂ ክፍያው ከጁን 2024 ጀምሮ 90 ዩሮ ሲሆን ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና ዋስትናም ይጠየቃል።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ ወጥመድ አለ። የኖርዌይ ግዛት የሆነው የስቫልባርድ ደሴቶች ክልል ከሼንገን ውጭ ነው፤ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ የሚያገለግል ቪዛ ይዞ ወደዚያ የተሻገረ ሰው ወደ ኖርዌይ ተመልሶ መግባት አይችልም። ደግነቱ ክልሉ ከቀለበቱ ዋና ክፍል በስተሰሜን ስለሚገኝ ለዚህ ዓላማ ሲባል ባይሄዱበትም አይጎዱም።

በውጭ የሚኖሩ አንባቢዎች ሁኔታ ይለያያል። በጀርመን፣ በጣሊያን ወይም በሌላ የሼንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ፓስፖርቱንና የፈቃድ ካርዱን ይዞ በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ያለ ቪዛ ይጓዛል። የአሜሪካና የእስራኤል ፓስፖርት ያላቸው ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አይጠየቁም፤ ግሪን ካርድ ይዞ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ግን ይጠየቃል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሕጋዊ መኖሪያ ያሉ ደግሞ የሚያመለክቱት በሚኖሩበት አገር ነው።

መጓጓዣና ማደሪያ

ከስቶክሆልም ወደ አቢስኮ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ወደ ኪሩና በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ተኩል ያህል በርሮ፣ ከዚያ ወደ 95 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ወይም በባቡር መቀጠል ነው። ሁለተኛውና እኔ የምወደው ማታ ከስቶክሆልም ተነስቶ በማግሥቱ አቢስኮ የሚያደርሰው፣ 18 ሰዓት ገደማ የሚፈጅ የመኝታ ባቡር ነው። ከወንበር፣ ከባለ ስድስት አልጋ ክፍልና ከግል መኝታ ክፍል መምረጥ ይቻላል። ወንበሩን ለማንም አልመክርም፤ ደክሞት የደረሰ ሰው የመጀመሪያውን ሌሊት ተኝቶ ያሳልፈዋል፤ ያ ሌሊት ደግሞ የጠራው ሊሆን ይችላል። በመንደሯ ሁለት ፌርማታዎች ስላሉ፣ አንዱ ለመንደሩ ሌላው ለቱሪስት ጣቢያው፣ ማደሪያዎ ለየትኛው እንደሚቀርብ ቲኬት ከመቁረጥዎ በፊት ይዩ።

ይህ ሐዲድ ከመቶ ዓመታት በላይ የኪሩናን የብረት ማዕድን ወደ ናርቪክ ወደብ ሲያመላልስ የኖረ ነው፤ የመንገደኛው ባቡር ከከባዱ ባቡር ጋር ይጋራዋል። በዲሴምበር 2023 ማዕድን የጫነ ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ከኪሩና በስተምዕራብ ያለው መስመር ለሁለት ወር ያህል ተዘግቶ ነበር። ስለዚህ በመመለሻው በኩል ባቡሩ ስቶክሆልም በሚገባበት ዕለት ወደ አገር ቤት የሚበር አውሮፕላን አይያዙ፤ በመካከል አንድ ሌሊት ይተዉ።

ማደሪያውን ከስድስት ወር በፊት ይያዙ፤ በተለይም ለማርች። ቪዛው ገና ካልተሰጠ መሰረዝ የሚፈቅደውን ዋጋ ይምረጡ፤ ትንሽ ቢወደድም ቪዛ ቢከለከሉ ከኪሳራ ያድንዎታል። በበረዶ ላይ ነድቶ የማያውቅ ሰው መኪና አይከራይ። የጎማው ዓይነት በሕግ የተደነገገ ስለሆነ ያ አያሳስብም፤ የሚያሳስበው ጥቁር በረዶ (አስፋልቱ ላይ የማይታይ ስስ በረዶ)፣ መንገድ ላይ የሚቆመው አጋዘንና በማዕበል ጊዜ ወደ ኖርዌይ የሚወስደው መንገድ መዘጋቱ ነው።

ልብስ

በአቢስኮና በኪሩና በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ ከዜሮ በታች ከ10 እስከ 15 ዲግሪ የተለመደ ነው፤ ከዜሮ በታች 30 የሚደርስበት ሌሊትም አለ። ከሁሉ በላይ ልብ መባል ያለበት የብርሃን ተመልካች የሚራመድ ሳይሆን የሚቆም ሰው መሆኑ ነው። በእግሩ የሚጓዝ ሰው በሚሞቅበት ልብስ ሁለት ሰዓት የቆመ ሰው ይንቀጠቀጣል።

የመጀመሪያው ሕግ ጥጥን መተው ነው። ጋቢ በአዲስ አበባ ብርድ ወዳጅ ነው፤ እዚህ ግን ጥጥ ላብን ይዞ ስለሚቆይ ከሰውነት ሙቀትን ይሰርቃል፤ ጂንስ ሱሪም እንደዚያው። ለቅዝቃዜ የሚሆነው ሱፍ ነው፤ የመንዝ ሰው ከበግ ጸጉር የሚሠራው ባና እርጥብም ሆኖ የሚያሞቀው በዚሁ ጠባዩ ነው። ከሰውነት ጋር የሚጣበቀው ልብስ ቀጭን የሱፍ ካናቴራና ረጅም የውስጥ ሱሪ ይሁን፤ በላዩ ወፍራም ሹራብ፤ ከዚያም ላባ የተሞላ ጃኬት፤ ከሁሉም ውጭ ነፋስ የማያስገባ ልብስ። ብዙ አስጎብኚዎችና ማደሪያዎች ከላይ የሚደረበውን ቱታና ቦት ጫማ ያከራያሉ፤ ከዚህ ጉዞ በኋላ ለማይለብሱት ልብስ ገንዘብ ከማፍሰስ መከራየት ይሻላል፤ የውስጡን ሱፍ ግን የራስዎን ይግዙ።

ጫማ ከልክዎ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ይሁን። እግር የሚበርደው ብዙውን ጊዜ ጫማው ጠብቦ በውስጡ አየር ሲያጣ ነው፤ ሦስት ካልሲ ደራርቦ ማጥበቅ ጉዳቱን ያብሳል። ለእጅ፣ አራቱ ጣቶች አንድ ላይ የሚገቡበት ጓንት ከባለ አምስት ጣቱ ይበልጣል፤ ስልክ ለመንካት ከስሩ ስስ ጓንት ያድርጉ። ተቀድዶ ሲንቀጠቀጥ የሚሞቅ ከረጢት በየመደብሩ ይሸጣል፤ ለእያንዳንዱ ሌሊት ሁለት ይያዙ። አስም ያለበት ሰው አፉንና አፍንጫውን በሻሽ ሸፍኖ ይተንፍስ።

ምግብ

ብዙዎቹ ሆስቴሎች እንግዳ ራሱ የሚያበስልበት ወጥ ቤት ስላላቸው ከስቶክሆልም የሐበሻ መደብሮች እንጀራ ይዞ መሳፈር ይቻላል። ከኢትዮጵያ የሚመጣ ሰው በርበሬ፣ ሽሮና በሶ ቢይዝ ይጠቅመዋል፤ ቋንጣ፣ ቅቤና አይብ ግን ይተው፤ የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ በመንገደኛ ሻንጣ ሥጋና የወተት ውጤት እንዳይገባ ይከለክላል። በጾም ወቅት «ቪጋን» ብሎ ማዘዝ ይበቃል። የአጋዘን ሥጋ መብላት ይፈቀዳል ወይ ብለው ለሚጠይቁ፣ እንስሳው የሚያመሰኳና ሰኮናው የተሰነጠቀ ነው።

ሌሊቱን እንዴት እንደሚያሳልፉ

እያንዳንዱን ቀን የሚጀምሩት የደመና ትንበያ በማየት ነው። የስዊድን የአየር ትንበያ ተቋምም የኖርዌዩ «ዪር»ም የደመናውን መጠን በየሰዓቱ ይሰጣሉ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ፀሐይ የሚመለከቱት። በስልክ መተግበሪያዎች የሚታየው ኬፒ የሚባለው ከ0 እስከ 9 የሚደርስ መለኪያ የምድርን መግነጢሳዊ መስክ አማካይ መናወጥ በየሦስት ሰዓቱ የሚገልጽ ነው። ለበርሊን ወይም ለለንደን 7 እና 8 ያስፈልግ ይሆናል፤ ለአቢስኮ ግን 1 ወይም 2 ይበቃል። «ዛሬ ኬፒ 2 ነው» ብሎ አልጋ ውስጥ የቀረ እንግዳ ጎረቤቱ ያነሳውን ፎቶ በቁርስ ሰዓት ሲያይ ይቆጨዋል።

ከኬፒ ይልቅ የሚረዳው የፀሐይ ነፋስ መግነጢሳዊ መስክ አቅጣጫ ነው። ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የቆሙ ሳተላይቶች ነፋሱን ከመድረሱ በፊት ይለኩታል፤ «ቢ-ዜድ» የሚባለው ቁጥር ከዜሮ በታች ወርዶ ከቆየ፣ ማለትም መስኩ ወደ ደቡብ ከዞረ፣ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሰማዩ ሊነቃ ይችላል። ኪሩና የሚገኘው የስዊድን የሕዋ ፊዚክስ ተቋም ሰማዩን ሙሉ የሚያሳይ ካሜራ ስላለው ከክፍልዎ ሳይወጡ መመልከት ይቻላል።

ዋናው ሰዓት ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ነው፤ በስዊድን ሰዓት ከ21፡00 እስከ 01፡00 ማለት ነው። ይህንን ልዩነት አጥብቄ የምጽፈው የጉብኝት ቲኬት ላይ 9 የሚለውን ቁጥር አይቶ በእኛ ሰዓት የተረዳ ሰው ስለማውቅ ነው። ውጭ ከወጡ በኋላ ዓይን ጨለማ እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል፤ አንድ ጊዜ የስልክ መብራት ማየት ይህንን ሁሉ ያፈርሰዋል፤ ስለዚህ ግንባር ላይ የሚታሰረው ባትሪ ቀይ መብራት ያለው ይሁን።

ደካማው ብርሃን ለዓይን አረንጓዴ አይመስልም፤ ከሰሜን አድማስ በላይ እንደተዘረጋ ግራጫ ስስ ደመና ነው የሚታየው። ከተጠራጠሩ ስልክዎን ወደዚያ አዙረው በሌሊት ማንሻው ፎቶ ያንሱ፤ ምስሉ አረንጓዴ ከሆነ እርሱ ነው። ይህ ጸጥ ያለ ቀስት አንዳንዴ ለሰዓት እንደዚያው ይቆያል፤ ከዚያ በድንገት ይደምቅና ተሰንጥቆ ወደ አናት ይወጣል፤ መጋረጃው የሚወዛወዝበት ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ ከጥቂት ደቂቃዎች አይበልጥም። ቀስቱን ብቻ አይተው «አየን» ብለው የሚገቡ ሰዎች ዋናውን ያመልጣቸዋል። ከድምቀቱ በኋላም ጸጥ ብሎ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ሊመለስ ስለሚችል ፔርሙዝ ሙሉ ሻይ ይዞ በየተራ መጠበቅ ተገቢ ነው። በዚህ አካባቢ የሚኖረው የሳሚ ሕዝብ ልማድ በብርሃኑ ስር ማፏጨትን ይነቅፋል፤ እንግዳም ቢያከብረው መልካም ነው።

ፎቶ

በካሜራ ለሚያነሳ ሰው መነሻው ይህ ነው፦ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ከ1600 እስከ 3200፣ የሌንሱ ክፍተት ሰፊው፣ የመክፈቻው ጊዜ ከ5 እስከ 15 ሰከንድ፣ ትኩረቱ በእጅ በአንድ ደማቅ ኮከብ ላይ። ብርሃኑ በፍጥነት ሲወዛወዝ ጊዜውን ወደ 2 እና 3 ሰከንድ ማሳጠር ያስፈልጋል፤ ያለዚያ መጋረጃው ወደ አረንጓዴ ጭጋግ ይቀየራል። ባለ ሦስት እግር መቆሚያ የግድ ነው፤ ለስልክም ቢሆን። ትርፍ ባትሪዎቹን ከሰውነትዎ አጠገብ ባለ ኪስ ይያዙ፤ ቅዝቃዜ ባትሪን በግማሽ ሰዓት ሊጨርሰው ይችላል።

ወደ ክፍልዎ ከመግባትዎ በፊት፣ ገና ውጭ ሳሉ፣ ካሜራውን በፕላስቲክ ከረጢት አድርገው አየር እንዳያስገባ ይዝጉት። ሞቃቱ አየር ቀዝቃዛውን መሣሪያ ካገኘው በሌንሱ ውስጥ ጤዛ ይሠራል፤ በማግሥቱ ምሽትም ጤዛው በረዶ ይሆናል። ከረጢቱ እስከ ጠዋት ሳይከፈት ይደር፤ ካርዱን ከፈለጉ ውጭ ሳሉ አስቀድመው ያውጡት።